ቁንጮ ይሁን ጎፈሬ? ለከተማ ዳር ፑድል የጸጉር አቆራረጥ አመራረጥ

ባዘቶ ይባላል። ነጭ ትንሽ ፑድል ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ አብሮን ይኖራል። የግቢው ልጆች መጀመሪያ ያዩት ቀን «ጠቦት ነው ውሻ?» ብለው ተከራከሩ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ እስካሁንም አልተዋጠላቸውም። «ይሄን ሁሉ ጸጉር ተሸክሞ ምን ይሠራለታል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኔም መልስ አልነበረኝም። ስልኬ ላይ ያየሁትን ቆንጆ ፎቶ ሁሉ እሱ ላይ ስሞክር አንዴ መላጣ፣ አንዴ የጭቃ ኳስ ሆኖብኛል።

ይህን የጻፍኩት እንደኔ ከመሀል ከተማ ወጣ ብላችሁ ለምትኖሩ ነው። ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ የትም ሁኑ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራት ሳይሰናበት ይሄዳል፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ጭቃው ይጀምራል። እዚህ የሚኖር ፑድል ቦሌ አፓርታማ ውስጥ ያለው የተቆረጠውን ይቆረጥ ቢባል አያዛልቅም።

መጀመሪያ ስለ ጸጉሩ አንድ ነገር እንወቅ። የብዙ ውሻ ጸጉር የሆነ ቦታ ደርሶ ይቆማል፣ ከዚያ ይረግፋል። የፑድል ግን እንደ ሰው ጸጉር ዝም ብሎ ያድጋል። የሚረግፈውም ሶፋ ላይ አይበተንም፤ ጥቅልሉ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ሶፋችሁ ንጹሕ ነው፣ ዕዳው ግን ውሻው ላይ ነው። የረገፈው ካልተበጠረ ከቆመው ጋር ይተበተብና ቋጠሮ ይሆናል። ቋጠሮው ሲቆይ እንደ ባና ይጠቀጠቃል። ቆዳውን ይጎትታል፣ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ ውሎ አድሮ ያቆስላል። ስለዚህ ስታይሉን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፤ ማበጠሪያው ነው። እንዴት እንደሚመርጥ ልንገራችሁ።

ደረጃ 1፦ ማበጠሪያውን ቆዳ ድረስ አስገቡ

ፎቶ ከማገላበጣችሁ በፊት የብረት ማበጠሪያ ያዙ። ጥርሱ ረጅም፣ ግማሹ ሰፋ፣ ግማሹ ጠበብ ያለውን። ሚዶ አይሆንም፤ ጥርሱ ስለሚራራቅ ትንንሹን ቋጠሮ ዘሎት ያልፋል።

ጸጉሩን በእጃችሁ ገለጥ አድርጋችሁ ከቆዳው ጀምሩና ወደ ውጭ ሳቡ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። በብሩሽ ላይ ላዩን ይጠርግና ውሻው ጎፈሬ ሆኖ ያምርበታል፤ ከሥር ግን ሌላ ጉድ አለ። እኔም ስድስት ወር ሙሉ እንዲያ ሳደርግ ነበር።

ቋጠሮ የሚደበቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ የኋላ እግሮቹ መሀል፣ የአንገት ማሰሪያው ሥር፣ የጣቶቹ መካከል፣ የጅራቱ ሥር። እነዚህን አንድ በአንድ ፈትሹ።

ማበጠሪያው ሳይያዝ ካለፈ የፈለጋችሁትን መምረጥ ትችላላችሁ። ሁለት ሦስት ቦታ ከያዘ በጣታችሁ እየበተናችሁ ከጫፉ ጀምራችሁ ፍቱት። መላ ሰውነቱ ላይ ከያዘ ግን ምርጫው አልቋል፤ አጭር ነው የሚቆረጠው። ርዝመቱን ላድን ብላችሁ ውሻውን ለሰዓታት አታስጩኹት። ጸጉር ነው፣ ያድጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ ቋጠሮ ያለበትን ውሻ አትጠቡት። ውሃ ሲነካው ቋጠሮው እንደ ሱፍ ሹራብ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይፈታውም። ሁለተኛ፣ ቋጠሮውን በመቀስ አትቁረጡ። ቆዳው ወደ ቋጠሮው ውስጥ ተስቦ ስለሚገባ ጸጉር የቆረጣችሁ መስሏችሁ ቆዳ ትቆርጣላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሳምንታችሁን በሐቅ ቁጠሩ

በሐቅ ያልኩት ወድጄ አይደለም። ውሻ የገዛ ሰው ሁሉ «በየቀኑ አበጥረዋለሁ» ይላል። ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ደርሶ መልስ የምትሠሩ ከሆነ ማታ ቤት ስትገቡ ማበጠሪያ ማንሳት ይቅርና ጫማ ማውለቅም ያቅታል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አበጠርኩት ብላችሁ ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስንት ቀን አበጥራለሁ አትበሉ።

በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ካበጠራችሁት 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መያዝ ትችላላችሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ ከ1 እስከ 1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በሳምንት አንዴ ከሆነ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ላይ ቁሙ። ከዚያም ካነሰ 3 ሚሊ ሜትር፣ አለቀ።

የውሻው መጠንም ይቆጠራል። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ፑድልን በቁመት አራት ቦታ ይከፍለዋል። ትንሹ ቶይ ከ24 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትልቁ ደግሞ ከ45 እስከ 60። የጸጉሩ ዓይነት አንድ ነው። ግን ቶይን በ15 ደቂቃ የምታበጥር እጅ ትልቁን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈልጋለች።

ውሃም አስቡ። ባዘቶ በአጭር ጸጉሩ አንድ ጀሪካን አይጨርስም። ጸጉሩ ሲረዝም ሁለት ጀሪካንም አይበቃው፤ ሳሙናው አልወጣ ይላል። ሳሙና ሲቀርበት ደግሞ ቆዳው ያሳክከዋል። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ረጅም ጸጉር ማለት ምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሻችሁ ከ9 ወር እስከ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነ የቡችላ ጸጉሩ ወደ አዋቂ ጸጉር እየተቀየረ ነው። በዚያ ጊዜ ትናንት አበጥራችሁት ዛሬ ይቋጠራል። እናንተ አልሰነፋችሁም። ያን ወቅት በአጭር አሳልፉት።

ደረጃ 3፦ ወሩን እዩ

የፈረንጅ ፎቶ የማይነግራችሁ ይህን ነው። እነሱ «ለበጋ አጭር፣ ለክረምት ረጅም» ይላሉ። የኛ ክረምት ግን ጭቃ ነው። የኛ በጋ ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዋናው ጠላት ጭቃው ነው። የኛ ሰፈር ጥቁር ዋልካ የነካውን አይለቅም። በጣቶቹ መካከል ይገባና ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ጸጉሩን እየጎተተ ውሻው እንዲያነክስ ያደርገዋል። በዚህ ወቅት የእግርና የሆድ ጸጉር አጭር ይሁን። ከውጭ ሲገባ እግሩን በሳፋ ውሃ ነከር ነከር አድርጋችሁ በፎጣ ታደርቁታላችሁ፣ በቃ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ጭጎጎት ነው። አደይ አበባውን ላሳየው ብላችሁ ሜዳ ላይ ትለቁታላችሁ፤ እሱ ጭጎጎት ለብሶ ይመለሳል። 3 ሴንቲ ሜትር ጸጉር ውስጥ የገባ ጭጎጎት መልቀም ምስር ከመልቀም ይብሳል። ሣር ባለበት ሁሉ መዥገርም አለ። አጭር ጸጉር ላይ መዥገሩ በዓይን ይታያል፤ ረጅሙ ላይ በእጅ ዳስሳችሁ ነው የምታገኙት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሱሉልታ ያላችሁ ከኛም ይብስባችኋል። ውሻው ውጭ የሚያድር ከሆነ በ3 ሚሊ ሜትር አትቁረጡት። ጸጉሩ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ብትተዉት ብርዱ ሲጠና ለብሶ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ የሚያድር ከሆነ ይህ ብዙም አያሳስብም። ባዘቶ ከእግሬ ሥር ብርድ ልብስ ውስጥ ነው የሚያድረው። ለእማማ እንዳትነግሩብኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት አቧራና ፀሐይ ናቸው። ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ፀሐዩ ይጠብሳል። ነጭ ፑድል ከተላጨ ቆዳው ይቃጠላል።

ደረጃ 4፦ አሁን ስታይሉን ምረጡ

ቁርጥ ስል ሥጋው እንዳይመጣባችሁ፤ ስለ ጸጉር ነው የማወራው። ባዘቶ ግን ቃሉን በሰማ ቁጥር ጅራቱን ይቆላል።

የመጀመሪያው አንድ ወጥ አጭር ነው። ከአንገት እስከ ጅራት፣ እግሩንም ጨምሮ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ጆሮውና የራሱ ቁንጮ ብቻ ትንሽ ይተዋል። አያምርም የሚሉ አሉ። ለክረምት፣ ለተቋጠረ ውሻ፣ ለሽማግሌ ውሻ፣ ለተጠመደ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ቁንጮዋ ደግሞ ታሳምረዋለች። ድሮ ሕፃናት ዙሪያቸውን ተላጭተው መሀል ላይ የሚተውላቸውን አስታውሱ፤ እሷው ናት።

ሁለተኛው የጠቦት አቆራረጥ ይባላል። ገላው አጭር ሆኖ፣ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ እግሮቹ ላይ ጸጉሩ ረዘም ይላል። ከገላው ወደ እግሩ ሲወርድ ደረጃ ሳይሠራ ቀስ ብሎ ነው የሚወፍረው። ፊቱ ይላጫል። ፑድልነቱ ይታያል፣ ሥራው ደግሞ መካከለኛ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የኔ ምርጫ ይህ ነው።

ሦስተኛው ሁሉም ሰው የሚፈልገው ነው፤ የድብ አሻንጉሊት የሚመስለው፣ ቴዲ ቤር። ፊቱ አይላጭም፣ ክብ ተደርጎ በመቀስ ይስተካከላል። ገላው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይቀርለታል። በእውነት ያምራል። ችግሩ ፊቱ ነው። ያበላችሁት ሁሉ ጺሙ ላይ ይቀራል፣ የዓይኑ እንባም ጸጉሩን አርጥቦ ቡናማ ያደርገዋል። በየቀኑ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ የማትጠርጉ ከሆነ ተዉት። እግረ መንገዴን፣ ወጥ አታብሉት። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ የለንም።

አራተኛው ማያሚ የሚሉት ነው። ገላው በጣም አጭር ሆኖ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክብ የጸጉር ኳስ ይተዋል፣ አልቦ ያጠለቀ ይመስላል። ጅራቱ ጫፍ ላይም አንድ ኳስ አለ። በበጋ፣ ደረቅ ግቢ ውስጥ ለሚውል ውሻ ደስ ይላል። በሐምሌ ግን አልቦዎቹ የጭቃ እንክብል ናቸው።

የመጨረሻው በውድድር ላይ የምታዩት ነው፤ ኮንቲኔንታል ይባላል። ደረቱ ላይ የአንበሳ ጎፈር፣ ወገቡ መላጣ። ለታይታ ብቻ የተፈጠረ ይመስላል እንጂ ምክንያት ነበረው። ፑድል ድሮ ውሃ ውስጥ ገብቶ የተመታ ዳክዬ የሚያወጣ የአደን ውሻ ነው። ስሙም ከጀርመንኛ፣ ውሃ ከማንቦጫረቅ የመጣ ነው። እንደ ልብ እንዲዋኝ ጸጉሩ ይቆረጥለታል፤ ደረቱና መገጣጠሚያዎቹ እንዳይበርዳቸው ይተውለታል። ባዘቶ አቃቂ ወንዝ ገብቶ ዳክዬ አያመጣልኝም። ከወንዙ ሁኔታ አንጻር እንዲያመጣም አልፈልግም። ስለዚህ ይህን እለፉት።

ደረጃ 5፦ ፊት፣ መዳፍ፣ ጅራት፣ ጆሮ

ገላውን ከወሰናችሁ በኋላ እነዚህን ለየብቻ ወስኑ።

መዳፉ ላይ አልከራከርም። ይላጭ። ጣቶቹ እስኪታዩ ድረስ መላጨት የፑድል መለያ ነው፤ ለዋልካ ደግሞ የተፈጠረ ይመስላል። የሚታጠበውም የሚደርቀውም በአንድ ደቂቃ ነው። ከመዳፉ ሥር ያለው ጸጉርም ይነሳ፣ የኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ላይ ያንሸራትተዋል።

ፊቱ ከተላጨ ንጹሕ ነው። ክብ ካደረጋችሁት ቢያንስ የዓይኑ ጥግ ላይ ያለው ይነሳ።

ጆሮው ላይ ረጅም ጸጉር ያምራል፤ ግን ምግቡ ውስጥ ይነከራል። ሲቆረጥ መጀመሪያ የጆሮው ሥጋ የት እንደሚያልቅ በጣት ይያዝ፣ ከጣት በታች ያለው ብቻ ይቆረጥ። የተንጠለጠለ ጆሮ አየር ስለማያገኝ በቀላሉ ይታመማል። ከሸተተ ወይም ራሱን እያራገፈ ካስቸገረ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ውስጡ ያለውን ጸጉር እናንተ አትንጩ።

ጅራቱ ሥሩ ይላጭ፣ ጫፉ እንደ ፍላጎታችሁ።

ደረጃ 6፦ ለቆራጩ በሚሊ ሜትር ንገሩት

አሁን መላጣነቱን ልናዘዝ። አንድ ቀን ባዘቶን ውሻ ወደሚቆርጡበት ቦታ ወሰድኩት። እንደዐዋቂ «በ10 ቁጥር ይሁንልኝ» አልኩ። ወንድሜ ጸጉር ቤት ሄዶ «በ1 ቁጥር» ሲል ተላጭቶ፣ «በ4» ሲል ጸጉር ይዞ ስለሚመለስ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ርዝመቱም የሚጨምር መስሎኝ ነው። 10 ደግሞ ጎፈሬ መሆን አለበት። ስመለስ የታጠበች አይጥ ሰጡኝ።

የውሻ ማሽን ቁጥር የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ጸጉሩ ያጥራል። 10 ቁጥር የሚተወው 1 ተኩል ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 7 ቁጥር 3 ገደማ፣ 5 ቁጥር 6 ገደማ፣ 4 ቁጥር 9 ተኩል፣ 3 ቁጥር 13 ሚሊ ሜትር ይተዋል። የሰው ቶንዶስ ላይ የሚገጠመው ማበጠሪያ ግን 1 ቁጥሩ 3 ሚሊ ሜትር፣ 2 ቁጥሩ 6፣ 4 ቁጥሩ 13 ነው። ቁጥሩን እርሱትና «ገላው 9 ሚሊ ሜትር፣ እግሩ 2 ሴንቲ፣ ፊትና መዳፍ ይላጭ» በሉ። ጣታችሁ ላይ ለክታችሁ አሳዩ። «አሳምርልኝ» አትበሉ፤ የእሱ ማማርና የናንተ ማማር ይለያያል።

ፎቶ ማሳየት ጥሩ ነው። አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን ይበቃል። የክትባት ካርዱንም ያዙ።

የሰፈራችሁ ጸጉር አስተካካይ «እኔ ልቁረጥልህ» ካላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ለሰው የተሠራ ማሽን በፑድል ጸጉር ይታፈናል፣ ይግላል። በዚያ ላይ ጭርት ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ነገ በዚያው ማሽን የሰው ልጅ ይላጭበታል።

ደረጃ 7፦ ቤት የምትቆርጡ ከሆነ

ቅደም ተከተሉ ይኸው። አበጥሩ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ እንደገና አበጥሩ፣ ከዚያ ቁረጡ። ቆሻሻ ጸጉር የማሽኑን ምላጭ ያደነዝዛል፤ እርጥብ ጸጉር ወጥ ሆኖ አይቆረጥም።

ከማጠባችሁ በፊት መብራት መኖሩን አረጋግጡ። ፎን ሳይኖር የታጠበ ፑድል ጥቅልሉ እንደተያያዘ ይደርቃል። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ከጀመራችሁ ግን መብራት ቢጠፋም በረንዳ ላይ እያበጠራችሁ ማድረቅ ትችላላችሁ። ሻምፖው የውሻ ይሁን፣ ውሃው ለብ ያለ።

ማሽኑን በጸጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ ንዱ። በየጥቂት ደቂቃው ምላጩን የክንዳችሁ ውስጥ ላይ አስነኩ። ካቃጠላችሁ እሱንም ያቃጥለዋል፤ አጥፍታችሁ አቀዝቅዙ። ብብቱና ጉያው ላይ ቆዳው ስስና የተጣጠፈ ስለሆነ በእጃችሁ ወጠር አድርጉት። ሆዱና ፊቱ ላይ ከ10 ቁጥር የሚያጥር ምላጭ አትጠቀሙ።

ቡችላ ከሆነ የመጀመሪያ ቀን አትቁረጡት። ማሽኑን አጠገቡ አስነሱና ድምፁን ይስማ። በማግስቱ ጀርባው ላይ አስነኩት። በሦስተኛው ቀን መዳፉን ብቻ ላጩ። ከደነገጠ ዕድሜ ልኩን ማሽን ባየ ቁጥር አልጋ ሥር ነው የምትፈልጉት።

ደረጃ 8፦ ከተቆረጠ በኋላ

በዚያው ቀን ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሱት፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነም ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንሱት። ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ዕለት አጠረ ብለን ያዘንበት ልክ በሁለተኛው ሳምንት ልክክ ብሎ ታገኙታላችሁ። ግድግዳው ላይ ካለው ቀን መቁጠሪያ ስድስተኛውን ሳምንት ክበቡት፤ ቀጣዩ ቀጠሮ እሱ ነው። ፊቱና መዳፉ ግን በሦስተኛው ሳምንት ይነካኩ።

ባዘቶ ባለፈው ቅዳሜ ተቆረጠ። ገላው 6 ሚሊ ሜትር፣ መዳፉ ተላጭቶ፣ ራሱ ላይ ቁንጮ። እማማ ደረጃው ላይ አገኙን። ጎንበስ ብለው አዩት። «እሰይ! አሁን ዓይኑ ታየ» አሉ። ከዚያ ቁንጮውን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ይቺን ግን ለምን ተውሻት?» አሉኝ።